ስድስተኛው ወንበር

ቁራጭ ወደ ቤታችን የመጣችው በሶፋ ሆድ ውስጥ ሆና ነው።

ሶፋው የደንበኛ ነበር፤ በረንዳ ላይ ተጥሎ የከረመ፣ አንድ እግሩ የወለቀ፣ ዝናብ የጠጣ። እናቴ የሶፋና የወንበር ልብስ እየቀየረች ነበር የምታሳድገኝ። መንገድ ዳር ያለችው ክፍላችን የሥራ ቤቷ ነበረች፤ ከጀርባዋ ያለችው ደግሞ መኝታችን። ያን ቀን ሶፋውን ገልብጣ የሥሩን ጨርቅ በመቀስ ስትቀደው ከብረት ሞላዎቹ መሀል አንድ ነገር ተላወሰ። አይጥ መስሏት መዶሻዋን አነሳች። እኔ ጮህኩ። ከተበላው ስፖንጅ ውስጥ አንዲት ቡናማ ቡችላ፣ ከእናቴ ጫማ የማትበልጥ፣ ዓይኗን እያርገበገበች ብቅ አለች።

ባለሶፋው ሲጠየቅ ትከሻውን ነቀነቀ። «ውሻችን እዚያ ውስጥ ወልዳ ነበር። ሌሎቹን ሰው ወስዷቸዋል፤ ይቺ ሳትታይ ቀርታ ነው። ከአሮጌው ስፖንጅ ጋር ይጣሏት።»

እናቴ አፏ ውስጥ ሚስማር ነበር። ወንበር ስታለብስ ትንንሾቹን ሚስማሮች በአፏ ትይዛለች፤ በምላሷ አንድ አንድ እያወጣች፣ በሁለት ጣቶቿ ተቀብላ፣ በአንድ ምት ትመታቸዋለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምትናገረው ትንሽ ነው። የግድ መናገር ካለባት መጀመሪያ ሚስማሮቹን መዳፏ ላይ መትፋት አለባት። እስክትተፋ ድረስ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብለው ተስፋ የሚያደርጉ ደንበኞች ነበሩ። ቀይራ አታውቅም።

ሚስማሮቹን ተፋች። «ቁራጭ አይጣልም» አለች።

ለጨርቅ የምትለው ነገር ነው። ከሥራ የተረፈ ጨርቅ ለትራስ ይሆናል፣ ለክንድ ማሳረፊያ ይሆናል፤ ምንም ባይሆን መሙያ ይሆናል። የቡችላዋ ስም በዚያው ጸደቀ።

ቁራጭ ለመብላት የምትሰንፍ አልነበረችም። ሳህኑን ከወለሉ ጋር እየገፋች፣ ግድግዳ እስኪያቆማት ድረስ ትልሰው ነበር። ከዚያ ግን፣ ገና አፏን ሳትጠርግ፣ አንገቷን ታቀረቅርና የበላችው ሁሉ እንደ ገባ ይወጣል። ማስመለስ አይባልም። ሆዷ አይጨነቅም፣ አታቃስትም። ዳቦው እንደተጎረሰ ሆኖ ወለሉ ላይ ዱብ ይላል። እሷም ሌላ ሰው የጣለላት ይመስል ጅራቷን እየቆላች እንደገና ልትበላው ትነሳለች።

«ይቺ ውሻ እኮ የእኔ ጎማ ናት» ይል ነበር ጎረቤታችን ጎሚስታው፣ በራችን ላይ ቆሞ ጥቁር እጁን በጥቁር ጨርቅ እየጠረገ። «የሞሏትን ሁሉ ታስተነፍሳለች። ቫልቯ ነው ባለሶፋዋ! ቫልቯ!»

እናቴ ሚስማሩን ጠንከር አድርጋ ትመታለች።

ጎሚስታው ጎማ የሚጠግንባት ሱቅ ከእኛ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። በእሱ በኩል ያለው ግድግዳ በዕቃ የተሞላ ነበር፤ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የመኪና ሬዲዮ፣ አንድ ጊዜም ጃንጥላ። «ምንድን ናቸው?» ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ።

«መያዣ።»

«መያዣ ምንድን ነው?»

«ሰው ኪሱን ዳበስ ዳበስ ሲያደርግ፣ ‹ነገ አመጣለሁ› ሲል፣ አንድ ዕቃውን እይዛለሁ። የሚገባኝን ሲሰጠኝ የሚገባውን እሰጠዋለሁ። ሚጡ፣ ዓለም የሚዞረው በጎማ እንዳይመስልሽ። በመያዣ ነው።»

ስምንት ዓመቴ ነበር። ይህን ከትምህርት ቤት ትምህርት ሁሉ ይልቅ አመንኩት።

የእንስሳት ሐኪሙ ክሊኒክ ከኛ ቤት ሽቅብ፣ መንገዱ ሁለት ጊዜ ከታጠፈ በኋላ ነው። ሐኪሙ ቀጭን፣ ረዥም፣ እንስሶቹ እንዳይሰሙት የፈለገ ይመስል ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነበር። የልብ ማዳመጫውን ብረት ቁራጭ ደረት ላይ ከማሳረፉ በፊት ብብቱ ሥር ያሞቀዋል። ሁሉንም እንስሳ በማዕረግ ነው የሚጠራው።

«እስቲ እመቤቴ፣ አፍሽን ክፈቺልኝ። ጎሽ። ኧረ ጥርስ!»

መጀመሪያ የትል መድኃኒት ሰጣት። ከዚያ መሳል ጀመረችና መርፌ፤ ጠዋት መርፌ፣ ማታ መርፌ። ከዚያ ራጅ። ራጁን መብራት ላይ ሰቅሎ ሲያሳየን የቁራጭ አጥንቶች የዓሣ አጥንት መሰሉኝ።

«ምግብ የሚወርድበት ቧንቧዋ ላልቷል» አለ። «እንደ ላላ ካልሲ። ወደ ታች የሚገፋበት ጉልበት የለውም። የበላችው እዚያው ይጠራቀማል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ ወደ ሳንባዋ ይገባል፤ ሳሉ ከዚያ ነው። ሳህኗን ከፍ አድርጉላት፤ አንገቷን አቀርቅራ አትብላ።»

«ትድናለች?» አልኩት።

ሐኪሙ ወደ እናቴ አየ። እናቴ፣ «ወጥተሽ ጠብቂኝ» አለችኝ።

ቁራጭን ታቅፌ በር ላይ ቆምኩ። በሩ መስታወት ነው። ያየሁትን ዛሬም ጥርት አድርጌ አየዋለሁ። ሐኪሙ አንድ ነገር ሲናገር ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ከሐኪሙ ክፍል ወጥታ ወደ ማረፊያው ክፍል መጣች። ስድስት ወንበሮች በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ ላስቲካቸው የተሰነጠቀ፣ ድመት የቧጨራቸው፣ ስፖንጃቸው ያፈጠጠ። እናቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሄደች፤ እሱ የቁራጭን ሆድ እንደሚጫነው እያንዳንዱን መቀመጫ በመዳፏ ተጫነችው። አንዱን ገልብጣ ሥሩን ቀደደችው። ሐኪሙ ሁለት እጆቹን ከፍ አድርጎ አነሳ፤ መሣሪያ የተደገነበት ሰው እጁን እንደሚያነሳው። እናቴ ወንበሩን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ወጣች።

መንገድ ላይ ከኋላዋ እየሮጥኩ፣ «እማ፣ ወንበሩን ወሰድሽበት?» አልኳት።

«ወሰድኩ። ገና አምስት ይቀራል።»

«መያዣ ነው?»

እናቴ አንድ ወንበር ተሸክማ ሽንቷ ከመጣ ቡችላ ጋር የምትጣደፍ ሴት ነበረች። «አዎ፣ መያዣ በዪው» አለችኝ።

ያን ቀን በመስታወቱ ውስጥ የሆነውን የነገረኝ ሐኪሙ ራሱ ነው፣ ካደግኩ በኋላ። የራጁን ዋጋ ብቻ እንድትከፍል፣ የእሱን ድካም እንድትተወው ነግሯት ነበር። «ነፃ ሥራ አልወድም» አለችው። «እኔም በነፃ አልሠራም፣ እርስዎም አይሠሩም። ወንበሮችዎ ግን ተቀደዋል። አንድ በአንድ አለብስልዎታለሁ፤ ሁሉም እስኪያልቁ ያክሟታል።» ሐኪሙ እጁን ያነሳው፣ «ኧረ ይሄ በዛ!» ለማለት ነበር። እኔ ግን የተማረከ ሰው ነበር ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ሐኪሙ ካላዳናት ወንበሩን አያይም። ሳሏ ሲተዋት፣ እናቴ የመጀመሪያውን ወንበር አዲስ አረንጓዴ ጨርቅ አልብሳ መለሰችለትና ሌላ ይዛ መጣች። ይህ ነበር ሕጉ። ግማሽ ሥራ ሠራ፣ ግማሽ ዕቃ አገኘ። ማረፊያው ክፍል ውስጥ ድመቷን በቅርጫት የያዘች ሴትዮ መቀመጫ አጥታ ቆማ ሳያት ደስ አለኝ፤ ሐኪሙ ይቸኩላል ብዬ። ትምህርት ቤት ሄጄ እናቴ አንድ ሐኪም እንደያዘች ለጓደኞቼ ነገርኩ። አንዷ ብቻ፣ «ፖሊስ አይመጣባችሁም?» አለችኝ። «በሕግ ነው የያዝነው» አልኳት።

የቁራጭን ሳህን በተገለበጠ የቀለም ቆርቆሮ ላይ አደረግንላት። ጥቂት ቀን ተሻላት። ከዚያ ያው ሆነ። ወንበሮቹ አንድ በአንድ እየለበሱ ሲመለሱ እሷ በዚያው ልክ እየከሳች ሄደች። ጀርባዋ የመሰንቆ ጅማት የተወጠረበት ይመስል ነበር። ሳሉ ተመለሰ። አምስተኛው ወንበር ወደ ክሊኒኩ የሄደ ዕለት ቁራጭ ቆማ መሽናት አልቻለችም።

«እንግዲህ ባለሶፋዋ» አለ ጎሚስታው፣ ዛሬ ሳይቀልድ። «ሰው እንኳ ታሞ በሚቀርበት ዘመን…»

እናቴ ሚስማሮቹን ተፋች። «የተቀበልኩትን ሥራ ሳልጨርስ መልሼ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«እንግዲያው ሂድና ጎማህን ጠግን።»

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ራሱ ወደ ሥራ ቤታችን መጣ። እኔና ቁራጭ ጨርቅ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ሥር፣ በስፖንጅ ብጥስጣሽ መሀል ነበርን፤ እሱ አላየንም። ጫማው ላይ የድመት ጠጉር ነበር። ስድስተኛው ወንበር መሀል ወለሉ ላይ ቆሟል፤ አሮጌ ልብሱ ተገፎ፣ ጠፍሩና ሞላው ብቻ ታስሮለት፣ ራቁቱን።

«አምስቱን አየኋቸው» አለ ሐኪሙ። «ከአዲስ ይበልጣሉ።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። መዶሻዋ ቆመ።

«የመጣሁት ስለ ወንበር አይደለም።» ድምፁ ይበልጥ ዝቅ አለ። «አንድ መርፌ ነው። አትሰቃይም። እንቅልፍ እንደሚወስዳት ነው። ለዚህ ምንም አልቀበልም፤ ወንበርም አልፈልግም።»

ሚስማሮቹ አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ሲወድቁ ሰማሁ። «አይሆንም» አለች እናቴ።

«የሚቻለውን ሁሉ አድርገዋል።»

«አይሆንም አልኩ እኮ ዶክተር።»

«ቢያስቡበት ብዬ ነው። ስለ እሷ ብዬ።»

«አስቤ ነው። ስድስተኛው ገና አላለቀም።»

የድመት ጠጉር ያለበት ጫማ ዞሮ ወጣ።

ጠረጴዛው ሥር ሆኜ በንዴት ተቃጠልኩ። ቁራጭ እስከዚያ ቀን የተወጋችው መርፌ ሥፍር ቁጥር የለውም፤ ሁሉም ያማል፣ ሁሉም ያስጮኻታል። አሁን አንድ ብቻ ቀርቷል። ያውም የማያሰቃይ፣ ያውም ያለ ክፍያ! እናቴ ግን እልኸኛ ናትና መያዣዋን እስክትጨርስ አሻፈረኝ አለች። እሷ ‹መጀመሪያ አድናት› ትላለች፤ እሱ ‹መጀመሪያ ልውጋት› ይላል። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ማንም አይለቅም። አንድ ሰው ወንበሩን ወስዶ ነገሩን መጨረስ ነበረበት።

እናቴ ትራስ ልታደርስ እንደ ወጣች ተነሳሁ። እኔን ሐኪም ቤት ስትወስደኝ ሁልጊዜ የምትለው ትዝ አለኝ፤ በባዶ ሆድ መርፌ አይወጉም። ስለዚህ ዳቦ በወተት አላቁጬ ለቁራጭ አበላኋት። ልትመልሰው ጊዜ ሳልሰጣት ደረቴ ላይ ቀጥ አድርጌ ለጠፍኳት፤ ጭንቅላቷ አገጬ ሥር፣ የኋላ እግሮቿ ሆዴ ላይ። ወንበር ለመሸከም ሁለት እጅ ስለሚያስፈልገኝ በሰፊው የወንበር ጠፍር ከነልብሴ ዙሪያዬን ጠምጥሜ አሰርኳት። ከዚያ ስድስተኛውን ወንበር አነሳሁ።

«ሚጡ! ወዴት?» አለ ጎሚስታው።

«መያዣ ልመልስ።»

የያዘው ጎማ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ሳይከፈልሽ?»

«መርፌውን ሲወጋት ነው የምሰጠው።»

«እንዲህ ነው እንጂ! ወንበሩን ከመልቀቅሽ በፊት ግን መርፌውን በዓይንሽ እዪ። እግሩን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፤ ሐኪም ብልጥ ነው።»

ሽቅቡ ረዥም ነበር። ወንበሩ ጉልበቴን ይመታኛል፤ አስቀምጠውና እቀመጥበታለሁ፣ ሞላው ቂጤን ይወጋኛል፣ እነሳለሁ። ቁራጭ አንገቴ ሥር ትተነፍሳለች። በየመታጠፊያው ‹አሁን ትመልሰዋለች፣ አሁን ልብሴን ታበላሸዋለች› እያልኩ ጠበቅኩ። ደረቴ ደረቅ እንደሆነ ክሊኒኩ ደረስን።

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር። ወንበሩን መሀል ክፍሉ ላይ አቆምኩና የኋላ እግሩን ጨበጥኩ።

«መርፌውን ይውጓት» አልኩት። «ወንበርዎን አምጥቻለሁ። እሷን ሲወጓት እለቃለሁ።»

ውሃው እየፈሰሰ እጁን ቀጥ አድርጎ ቀረ። «ማን ላከሽ?»

«ማንም። እማ እንቢ አለች፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ። አንድ መርፌ ነው፣ አትሰቃይም ብለዋል።»

ቧንቧውን ዘጋ። ፎጣ ፈልጎ አጣ፤ ፎጣው ትከሻው ላይ ነበር። ከዚያ መጥቶ ራቁቱን ወንበር ላይ፣ ሞላው ላይ፣ ቁጭ አለ። ፊቱ ከፊቴ ጋር ትክክል ሆነ።

«መርፌው… አልቋል» አለ።

«አልቋል?»

«አዎ። ዛሬ አልቋል።»

«እንግዲያው ይነሱ፤ ወንበሩን እመልሳለሁ።»

«ወንበሩ እኮ የእኔ ነው።»

«መርፌ ሲኖርዎት ይወስዱታል።»

መሳቅ ይሁን ማልቀስ የፈለገው ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ዓይኑን ከፊቴ ለማሸሽ ብሎ ይመስለኛል ወደ ቁራጭ ያየው። ካየ በኋላ ግን ዓይኑን አላነሳም።

«መቼ ነው የበላችው?»

«ልንመጣ ስንል።»

«ምን?»

«ዳቦ በወተት። በባዶ ሆድ እንዳትወጋ።»

«የት መለሰችው?»

«አልመለሰችም።»

«መንገድ ላይ? ልብስሽ ላይ?»

«አልመለሰችም አልኩ እኮ» አልኩት፣ ልክ እንደ እናቴ።

ጠፍሩን ልፈታ ስል እጄን ያዘኝ። «አትፍቻት! እንዳለሽ ሁኚ።» የልብ ማዳመጫውን ብብቱ ሥር ማሞቅ ረሳ። ቁራጭ ስትደነግጥ እኔም ደነገጥኩ። አንገቷን አዳመጠ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ ሆዷን አዳመጠ። ከውስጠኛው ክፍል ለስላሳ ሥጋ አምጥቶ በጣቱ እያድበለበለ፣ እኔ ላይ እንደ ታሰረች አጎረሳት። ዋጠች። ሌላ አጎረሳት። ከዚያ ሁላችንም ጠበቅን፤ ድመቷን የያዘችው ሴትዮም አረንጓዴው ወንበር ላይ ሆና አንገቷን አስግጋ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ቁራጭ አገጬን ላሰችኝ።

እናቴ የገባችው ያኔ ነው። ጎሚስታው ነግሯት ሽቅቡን በሩጫ ጨርሳው ነበር። አፏ ውስጥ ሚስማር አለ፤ ትራሱን አድርሳ ተመልሳ፣ መዶሻዋን አንስታ፣ ወንበሩን ስታጣ ነው የወጣችው። መጀመሪያ ቁራጭን አየች። ከዚያ የሐኪሙን እጆች። ሐኪሙ ሁለቱንም እጆቹን፣ ባዷቸውን፣ ከፍ አድርጎ አነሳላት።

ለሁለተኛ ጊዜ ማረከችው ብዬ አሰብኩ።

«ቀጥ ብላ ነው» አለ ሐኪሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰማሁት። «ሳህን ከፍ ማድረግ አልበቃትም። ጨርሶ ቀጥ ብላ መብላት አለባት፤ ከበላች በኋላም እስኪወርድላት ቀጥ ብላ መቆየት። ያን ጊዜ ምግቡ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ግን…» ድምፁ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ሁልጊዜ ነው። በበላች ቁጥር፣ ዕድሜ ልኳን። ትንሽ ስትቆይ ደግሞ ትልቅ ውሻ ትሆናለች። ይህን የሚችል ሰው የለም።»

እናቴ ሚስማሮቹን መዳፏ ላይ ተፋች።

«ሰው አይችልም» አለች። «ወንበር ይችላል።»

ስድስተኛውን ወንበር ያንኑ ቀን መልሰን ወሰድነው። ሐኪሙ፣ «ለእሷ ይሁን፣ ስጦታ ነው» ቢልም እናቴ አልሰማችውም። «በእጄ ይቆያል» ነው ያለችው። ከመቀመጫው በላይ በቀጭን ጣውላ ጠባብ ሣጥን ሠራች፤ ፊት ለፊቱ የሳህን ማስቀመጫ፣ ጎንና ጎኑ ስፖንጅ። ቁራጭ በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ ጀርባዋን ደግፋ፣ የፊት እግሮቿን እንደ ዳኛ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እንድትበላ። የመጀመሪያው ሰፋ፤ ሾልካ ወረደች። ሁለተኛው ሆዷን ተጫናት። እናቴ ነቀለች፣ ለካች፣ እንደገና መታች። የደንበኛ ሶፋ አንድ ሳምንት ዘገየ፤ ደንበኛው ጮኸ፤ ሚስማሮቹን እንኳ አልተፋችለትም። ደረቷን የሚይዛትን ቀበቶ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ የቆረጠላት ጎሚስታው ነው። «የቫልቭ ጉዳይ ነው ብያችሁ ነበር» አለ፣ ለራሱ ሽልማት እየሰጠ።

አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ። እናቴ ከወንበሩ አጥንት አንዲት እንጨት አልቆረጠችም። የጨመረችውን ሁሉ የጨመረችው በላዩ ላይ ነው፣ በሚነቀል ሚስማር። ያኔ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ቁራጭ ዳነች ማለት አልችልም። በየጊዜው ሳሉ ይመጣባት ነበር፣ መርፌውም፣ ራጁም። ዕዳውም አብሮ ይመጣል፤ እናቴ የሐኪሙን የምርመራ አልጋ አለበሰች፣ ከዚያ የቤቱን ሶፋ፣ ከዚያ የመኪናውን መቀመጫ። በመጨረሻ ሐኪሙ የሚቀመጥበት ነገር ሁሉ የእናቴን መዶሻ የቀመሰ ነበር። ቁራጭ ግን ወፈረች። ምግብ ሲሸታት ማንም ሳያዛት ሄዳ ወንበሯ ፊት ትቆማለች፤ አስረን ቀበቶዋን ካላጠበቅንላት ትቆጣለች። ሥራ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ ካለ በልታ እስኪወርድላት ድረስ ከጣውላው በላይ አንገቷን አውጥታ ዋጋ ሲከራከር ታዳምጠዋለች። ብዙዎቹ እሷ እያየቻቸው ዋጋ ለማስቀነስ ያፍሩ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ደግሞ አምስት አረንጓዴ ወንበሮችና አንድ ክፍተት ቀረ። ሐኪሙ ሌላ ወንበር ገዝቶ አልሞላውም። ለሚጠይቁት፣ «አንዱ ሥራ ላይ ነው» ይላቸው ነበር።

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ቁራጭ ወንበሯ ፊት መቆም አቃታት። አፍንጫዋ ሸብቶ ነበር። እናቴ እንዳነሳቻት፣ እንዳሰረቻት፣ ሳህኑን እንዳቀረበችላት፣ ቁራጭ ፊቷን አዞረች። በማግስቱም እንደዚያው። ሽቅቡን በመኪና ወሰድናት።

ሐኪሙም አርጅቷል። ማዳመጫውን ብብቱ ሥር አሞቀ፣ ለረዥም ጊዜ አዳመጣት፣ «እመቤቴ» አላት። ከዚያ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ መርፌ ነው። አትሰቃይም። እንቅልፍ እንደሚወስዳት ነው።»

አወቅኩት። ቃል በቃል፣ ከነድምፁ፣ ከነስፖንጁ ሽታ አወቅኩት። ያን ሁሉ ዓመት ትዝታዬ ውስጥ ወንበር ተሸክሜ ሽቅብ የምወጣው ላድናት ነበር።  ወደ እናቴ ስዞር እናቴ ቀድማ እያየችኝ ነበር።

«እማ፣ ያኔ…»

«አውቃለሁ» አለች። «ዝም በይና ያዢያት። ቀጥ አድርገሽ።»

ደረቴ ላይ አደረግኳት። አሁን ከባድ ነበረች፤ ጭንቅላቷ ግን እዚያው ቦታው ላይ፣ አገጬ ሥር ሄዶ አረፈ። እናቴ እጇን ጀርባዋ ላይ አደረገችና ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«አሁን ይሆናል» አለችው።

በሳምንቱ ሥራ ቤት ስገባ እናቴ ወንበሩን ገልብጣ ሚስማር ስትነቅል አገኘኋት። ጣውላውን አነሳች፣ ሳህን ማስቀመጫውን አነሳች፣ የላስቲኩን ቀበቶ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ሁሉም ሲነቀል ከሥር የወጣው ያው ስድስተኛው ወንበር ነው፤ አንዲት እንጨት ያልጎደለው። አረንጓዴውን ጨርቅ ከመደርደሪያው ጥግ አወጣች። ከነመጠቅለያው፣ ለዚህ ብላ ያስቀመጠችው ነበር። እኔ ጨርቁን ወጥሬ ያዝኩላት፣ እሷ መታች። 

ሲያልቅ አንዱን ጎን እሷ፣ አንዱን ጎን እኔ ይዘን ወጣን።

ጎሚስታው በሩ ላይ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሥራውን ለልጁ ትቶ አሁን መንገደኛ ይቆጥራል።

«ሚጡ! ወዴት ነው?»

«መያዣ ልንመልስ» አልኩት።

ወንበሩን አየ፤ ከዚያ ከኋላችን፣ ቁራጭ ሁልጊዜ ተከትላን ትወጣበት የነበረውን ባዶ ቦታ አየ። የዱሮ ነገሩ አልለቀቀውም።

«ተከፍሏችኋል?»

እናቴ አፏ ውስጥ ሚስማር አልነበረም፤ ለመመለስ ግን የተፋች ያህል ቆየች።

«ተከፍሎናል» አለች። «አንዳች ሳይቀር።»

ወንበሩን ከፍ አደረግነውና ሽቅቡን ያዝን።